ባቡር ወደ ባሕር ዳር ቢመጣ ጣቢያው የት ይሁን? (የሐሙሲት፣ የዘንዘልማ፣ የመሸንቲ ሰዎች ግቡበት)

ሐሙሲት_ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው፣ ሐሙሲት። ሁለት ሰው ጎሏል። ረዳቱ "ሞላ ሞላ፣ ገባ በሉ" ይላል፣ መኪናው ግን አልሞላም። ሥራዬ ባሕር ዳር፣ ቤቴ ሐሙሲት። ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት። መንገዱ አስፋልት፣ አገሩ ሜዳ፣ ግን ጠዋት ከቤት ስወጣ ስንት ሰዓት ሥራ እንደምገባ አላውቅም። አለቃዬም አያውቅም፣ እሱ ግን እኔን ነው የሚቆጣው።

እና ሁሌ የሚመላለስብኝ ሐሳብ አለ። ባቡር ቢኖርስ? የአዲስ አበባ ጅቡቲውን ዓይነት ረጅም ጉዞ ማለቴ አይደለም። ጠዋት ሠራተኛና ተማሪ አምጥቶ ማታ የሚመልስ፣ የከተማ ዳር ባቡር። ከመሸንቲ ተነስቶ፣ ባሕር ዳርን አቋርጦ፣ በዘንዘልማና በሐሙሲት አድርጎ ወረታ የሚገባ። ሕልም ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጠይቅ፦ ጣቢያው የት ቢሆን ይሻላል፣ መሃል ከተማ ወይስ ዳር? ሌላ ከተማ ጣቢያ አጠገብ የኖራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ቀልድም ይፈቀዳል፣ ግን ትንሽ ቁም ነገር ጣል አድርጉበት።

ባጃጅ_ባለ_ሦስት_እግር
የትም ይሁን። በሩ ላይ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሃሃሃ

ጋሽ_ምድር_ባቡር
ልጄ፣ ስለ ጣቢያ ካነሳህማ አታስጀምረኝ አቦ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው ባሕር ዳር የተቀመጥኩት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት 1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ 1897 ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር ድረስ እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው ከበደ፣ ስለዚህ ሐዲዱ በታች በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ። 1902 መጨረሻ ላይ ባቡሩ የደረሰበት ቦታ ከተማ የሚባል አልነበረም፣ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚያ ጣቢያ ምክንያት ነው። ሐረር ስንት ዘመን የኖረች የንግድ ከተማ ናት፣ ጣቢያው አልፏት ሲሄድ ግን ንግዱ ተከትሎት ወረደ። ስለዚህ "ጣቢያው የት ይሁን" ማለት ቀላል ጥያቄ እንዳይመስልህ። የትኛው ሰፈር ይደግ፣ የትኛው ይቅር ብለህ እየጠየቅክ ነው።

ከዚያ ደግሞ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ የውጭ መንግሥታትም በመሃል ገብተው ተናቆሩ። አዲስ አበባ የገባው 1917 ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ዛሬ ፎቶ የምትነሱበት የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው ግን 1929 ነው። ይህን ያዙልኝ። ባቡሩ ያለዚያ ሕንፃ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

የከተማ ዳር ጣቢያ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አቃቂን ማየት ነበር። ፋብሪካው እዚያ የተደረደረው ሐዲዱ ስላለ ነው። ዕቃ ከወደብ መጥቶ በር ላይ ይራገፋል፣ ሠራተኛውም እዚያው ዙሪያ ቤት ሠርቶ ይኖራል። አዋሽ ደግሞ ቡፌዋን ላስታውሳችሁ፣ ባቡር ቆሞ ሰው ምሳ የሚበላባት። አንዲት ምግብ ቤት ከተማ ታስጠራለች ብላችሁ ትገምቱ ነበር?

ሐሙሲት_ዳር
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ፈልጌ ነው የጻፍኩት። (ሚኒባሱ አሁንም አልተነሳም። አንድ ሰው ገባ፣ አንድ ሰው ተናዶ ወረደ።)

ፔዳ_ጓሮ
ሕልም ብቻ ነው አትበል ወንድሜ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ከተቋቋመ በኋላ በወጣው የሀገር አቀፍ የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ ባሕር ዳር ነበረችበት። መስመሩ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ ወልድያ፣ ሰመራ እያለ ወደ ጅቡቲ ድንበር ይሄዳል። ከወረታ ደግሞ አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በአዘዞ አድርጎ መተማ ይወርዳል። ልብ በሉ፣ በዚያ ካርታ ላይ መስቀለኛዋ ወረታ ናት እንጂ ባሕር ዳር አይደለችም። ወረታዎች ሲሰሙ ይደሰቱ።

"ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ለምን በቀጥታ አይመጣም?" የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። ዓባይ በረሃን አስቡት እስቲ። ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ደጀን ላይ መውጣት ነው። መኪና እየተጠማዘዘም ቢሆን ይወጣዋል። ባቡር ግን ብረት በብረት ላይ ስለሚሄድ መያዣ የለውም፣ በመቶ ሜትር ውስጥ ሁለት ሜትር ከፍ ማለት ለሱ ትልቅ ዳገት ነው። ለዚህ ነው ዕቅዱ በምሥራቅ የዞረው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ፣ ወልድያ አካባቢ። ያንን የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው የሠራው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሐራ ወደ እኛ ያለውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ወረታ 1,800። ይህ ሁሉ ዋሻና ድልድይ ይፈልጋል፣ ዋሻና ድልድይ ደግሞ ዶላር ይፈልጋል።

የሚገርመው ግን የጣናና የሐዲድ ነገር ከዚህ ሁሉ በፊት ተነስቶ ያውቃል። በ1902 (በፈረንጅ፣ እንደ ጋሼ) ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ ሁለቱም አሉ። ጣናና ዓባይ ላይ ውሃውን የሚዘጋ ሥራ እንዳይሠራ አንድ አንቀጽ፣ እንግሊዝ ሱዳንንና ኡጋንዳን የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት ማሳለፍ እንድትችል ሌላ አንቀጽ። የባሰው ደግሞ 1925 ላይ ነው። እንግሊዝና ጣሊያን እርስ በርስ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ጣሊያን የእንግሊዝን የጣና ግድብ ትደግፋለች፣ እንግሊዝ ደግሞ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል በሐዲድ እንድታገናኝ ትደግፋለች። ባለቤቱን የጠየቀው የለም። ራስ ተፈሪ በዓመቱ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ። ግድቡም ሐዲዱም እንደታሰበው አልሆነም።

ባጃጅ_ባለ_ሦስት_እግር
ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊትም ባቡር ሊመጣ ነበር፣ ዛሬም ሊመጣ ነው። እኔ እስከዚያው ሰው ልጫን።

ለቡ_ነኝ
የሽምብጥ ልጅ ነኝ፣ አሁን ኑሮዬ አዲስ አበባ ለቡ ነው። "ጣቢያ አጠገብ የኖረ" ስትል እኔን ነው የጠራኸኝ።

አዲሱ የጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ ወደ 750 ኪሎ ሜትር፣ ሐዲዱም እንደ ድሮው አንድ ሜትር ሳይሆን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። 2016 በፈረንጅ ተመረቀ፣ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው 2018 ጥር ወር ላይ። ከሰበታ ይነሳል፣ ለመንገደኛ ዋናው ጣቢያ ግን የኛው ፉሪ ለቡ ነው። ከዚያ እንዶዴ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ እያለ ይቀጥላል። ሕንፃውን ብታየው ኤርፖርት ነው የሚመስልህ። ሰፊ፣ ረጅም፣ ፊቱ ሜዳ።

ታዲያ እዚህ ሰፈር የሚኖር፣ አዳማ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። በባቡር አይሄድም! ለምን? ባቡሩ የተሠራው ለረጅም መንገድ ነው፣ በየሰዓቱ የሚመላለስ አይደለም። ጠዋት ሥራ አድርሶ ማታ የሚመልስ ሰዓት የለውም። በዚያ ላይ የአዳማው ጣቢያም ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ወርደህ ሌላ መኪና ትፈልጋለህ። መሃል ፒያሳ የሚኖር ሰው ደግሞ ንጋት ላይ ፉሪ ለመድረስ ኮንትራት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለታክሲው የሚከፍለው ከባቡሩ ቲኬት ጋር ይፎካከራል። ጎረቤቴ በሚኒባስ ይሄዳል። እሱም እንዳንተ እስኪሞላ ይጠብቃል።

ጋሽ_ምድር_ባቡር
ድሬዳዋም እንደዚያው ነው። አሮጌው ጣቢያ ከዚራ ስር ነው፣ ከባቡር ወርደህ በእግርህ ገበያ ትገባ ነበር። አዲሱ ከከተማ ውጭ ሜዳ ላይ ነው። መሬት ርካሽ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ሐዲዱም ቀጥ ብሎ ማለፍ ስላለበት ነው እንዲህ የሚያደርጉት፣ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ሻንጣና ልጅ ይዞ በፀሐይ ለሚወርድ ሰው ምክንያቱ ምን ያደርግለታል?

ለቡ_ነኝ
በትክክል ጋሼ። ቀላል ባቡሩን ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም ለሐሙሲት_ዳር ጥያቄ የሚቀርበው እሱ ነው። 2008 መስከረም (በኛ) ተጀመረ። ሁለት መስመር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች አቅጣጫ አንዱ፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ አንዱ፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ። መሃል ላይ በስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ልደታ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ያልፋሉ። ሲጀመር ቲኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሰው ነፍሱ እስኪወጣ ነው የተጋፋበት። ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ እናት፣ ሁሉም።

ጣቢያዎቹ እኮ ምንም አይደሉም። ጣራ ያለው ኮንክሪት፣ አጠገቡ ቲኬት የሚሸጥባት ኪዮስክ። ሰው ግን ወደዳቸው፣ ምክንያቱም ትንሽ ቆመህ ከጠበቅክ ባቡር ይመጣል። ቆይቶ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ሲቆሙ፣ ጣቢያው ያው ጣቢያ፣ ሐዲዱ ያው ሐዲድ፣ ሰው ግን ወደ ታክሲ ተራው ተመለሰ። ሰልፉ ረዘመ፣ የሚመጣው ባቡርም ጢም ብሎ ነው። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ለኔ ግልጽ ነው፣ መጀመሪያ ባቡሩን ራሱን፣ የመለዋወጫውን በጀትና ሰዓቱን አስቡ፣ ዕብነ በረዱ ይቆያል።

የመርከብ_ቲኬት
ሁላችሁም ሐዲድ ሐዲድ ትላላችሁ፣ ጣቢያ እኮ አለን! ወደቡ ምንድነው ታዲያ?

አጎቴ ጣና ላይ በመርከብ ሥራ ነው ያረጀው። የባሕር ዳር ጎርጎራን መርከብ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እሑድ ጠዋት ከዚህ ይነሳ ነበር። ዘጌ፣ ደቅ፣ ከዚያ ቁንዝላ ላይ ያድር ነበር። ሰኞ ደልጊንና እሴይ ደብርን አድርጎ ከሰዓት ጎርጎራ ይገባ ነበር። ሐሙስ ተነስቶ ዓርብ ይመለስ ነበር። በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር፣ ግን ደቅ ያለው ገበሬ እሑድ መርከብ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ቡናውን፣ ጌሾውን፣ ማንጎውን ለዚያ ቀን ነው የሚያዘጋጅ። ታማሚ የያዘ ሰው ለዚያ ቀን ነው የሚያስብ። ሠርግ ሳይቀር በመርከቡ ቀን ይቆረጥ ነበር። ይህ የባቡር ጣቢያ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የጎርጎራን ወደብ ጣሊያን ነው በወረራው ጊዜ የሠራው። ሐይቁ በርዝመት 80 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ በስፋት 60 ምናምን፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ አሥራ አራት አሥራ አምስት ሜትር ነው፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ለዚህ ነው ውሃው ትንሽ ሲጎድል መርከብ የሚቸገረው። ትልልቆቹ መርከቦች በደህና እንዲሄዱ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784.75 ሜትር በታች መውረድ የለበትም። 2003 በፈረንጅ ከዚያ በታች ወርዶ መርከብ ለወራት ቆሟል። ድርቅ ነበር፣ በዚያ ላይ ከ1996 ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ለመብራት ተብሎ ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ አለ፣ ውሃውም በብዛት ተለቅቆ ነበር። 2010 ላይ ደግሞ የበለስ ማመንጫ መጣ፣ 460 ሜጋ ዋት፣ እሱም የሚጠጣው ከዚሁ ከጣና ነው። ከዚያ እምቦጩ። እና "ሐዲድ ውድ ነው" ስትሉ እኛ እግዜር ያነጠፈው ሐዲድ አለን፣ ጠባቂ ነው ያጣው።

መርከቧ ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ ወደብ በየብስ በተጎታች ተጭና ወደ እኛ ስትመጣ አገር ሁሉ በስልኩ ሲከታተል አልነበረም? ሰው ለመርከብ ፍቅር አለው። ይህን ፍቅር ወደ ፕሮግራም መለወጥ ነው የቀረው።

ባጃጅ_ባለ_ሦስት_እግር
የመርከብ_ቲኬት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጎርጎራ ለመድረስ ቁንዝላ ማደር? በመኪና ጎንደር ደርሼ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ በዚያ ሰዓት።

የመርከብ_ቲኬት
ደቅ ላይ መኪናህን ይዘህ ግባ እስቲ።

ባጃጅ_ባለ_ሦስት_እግር
ዝም አልኩ።

የዘጌ_ሎሚ
እኔ ደግሞ በየገበያው ቀን ከዘጌ ባሕር ዳር የምመላለስ ነኝ። ሎሚ፣ ጌሾ፣ በወቅቱ ቡና። በየብስ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ በጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጀልባ እመርጣለሁ፣ ዕቃዬ አይጨፈለቅም፣ አቧራ የለም።

ግን የመርከብ_ቲኬት ወንድሜ ወደቡን እንዲህ አታወድሰው። የትንሹ ጀልባ ሰዎችም እስኪሞላ ነው የሚያስጠብቁን! ሐይቁ ጠዋት ዝም ያለ ነው፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ይረብሻል። ስለዚህ ማልደን ካልሄድን ገበያው ያልፈናል፣ ማታ ደግሞ ቶሎ ካልተመለስን እየተናጥን ነው የምንገባ። አንድ ጊዜ ባለ ጀልባው "ሦስት ሰው ብቻ" እያለ ሲያስጠብቀን ነፋሱ ተነሳ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር አብራን ነበረች፣ እስክንደርስ ድረስ ስለቷን ስትሳል ነበር። ጎረቤቴ በታንኳ እንጨት ያመጣል፣ እሱ ቢያንስ ራሱ በፈለገበት ሰዓት ይነሳል።

መጠለያም የለንም። ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ስር። ሽንት ቤት የለም፣ በተለይ ለሴት። ስለ ጣቢያ ስታወሩ ይህን አትርሱት። ባቡር ጣቢያ ብትሠሩም መጀመሪያ ሽንት ቤት፣ ጥላ፣ የሚቀመጡበት አግዳሚና ዕቃ የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው። ሌላው ይደርሳል።

ፔዳ_ጓሮ
የዘጌ_ሎሚ ከሁላችንም የተሻለ ተናገረች።

ወደ ቦታው ጥያቄ ልመለስና፣ መሃል ከተማ ሐዲድ ማስገባት ከባድ ነው። ቤት ማፍረስ አለ፣ ካሳ አለ፣ የሐይቁ ዳርም አለ። ከዓባይ ማዶ ወደ ዘንዘልማ ብታወጣው ቦታ ታገኛለህ፣ ዩኒቨርሲቲውም እዚያ ግቢ አለው። ግን ያን ጊዜ የመሃል ከተማው ሰው ድልድይ ተሻግሮ መምጣት አለበት። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 2016 ግንቦት (በኛ) ተመርቋል፣ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ ለእግረኛና ለሳይክል ሳይቀር ቦታ አለው። ሐዲድ ግን የለበትም። ባቡሩ የራሱን ድልድይ ይፈልጋል ማለት ነው።

ከሐሙሲት ወረታ ያለው ደግሞ ሜዳ ነው ብለህ አትደሰት። የፎገራ መሬት ጥቁር አፈር ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ሐዲድ ያጎብጣል። ጉማራ ሞልቶ ሲወጣ አካባቢው ሁሉ ሐይቅ ይሆናል። ስለዚህ ሐዲዱን ከፍ ባለ የአፈር ድልድል ላይ ታደርገዋለህ፣ ያ ድልድል ደግሞ ራሱ ውሃውን ገድቦ የገበሬውን ሩዝ እንዳያሰጥም ከሥሩ ብዙ ማሳለፊያ ቱቦ ያስፈልገዋል። ዳገት የሌለበት ቦታ ሁሉ ርካሽ አይደለም።

ጋሽ_ምድር_ባቡር
ያዙልኝ ያልኩትን አሁን ልክፈት።

ባቡሩ ያለ ለገሃር ሕንፃ እነዚያን ዓመታት የሠራው ሌላ ነገር ስለነበረው ነው። ያ ነገር ሰዓት ነው። የድሮው መስመር ነጠላ ሐዲድ ነው። ከወዲያ የሚመጣና ከወዲህ የሚሄድ ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ ናቸው። የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፣ እዚያ ሐዲዱ ሁለት ይሆናል፣ አንዱ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። የጣቢያው ሹም ከሚቀጥለው ጣቢያ "መንገዱ ክፍት ነው" የሚል መልስ ሳያገኝ ባቡር አይለቅም። ከለቀቀ ሁለት ባቡር በረሃ ላይ ግንባር ለግንባር ይገናኛል። ስለዚህ የሰዓት ሠሌዳው ለመንገደኛው ምቾት ብቻ አልነበረም፣ የሰው ሕይወት የተያዘበት ነው። ባቡር "እስኪሞላ" ሊጠብቅ አይችልም፣ አንዱ ከዘገየ ሌላው ከፊቱ ተገትሮ ይውላል። መዘግየት አልነበረም አልልም፣ ብዙ ነበር፣ ስንቴ አድረንበታል። ግን የት ነው ያለው ብለህ ብትጠይቅ የጣቢያው ሹም ይነግርሃል።

አሁን ያንተን መስመር እንውሰድ። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር በለው። ነጠላ ሐዲድ ዘርግተህ መሃል ላይ፣ አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ አንድ መተላለፊያ አድርግ። ባቡሩ በሰዓት 60 ቢሄድ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትሩን በአሥራ አምስት ደቂቃ ይጨርሳል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ከሁለቱም በኩል አንድ አንድ ባቡር ማስነሳት ትችላለህ፣ መሃል ላይ ተላልፈው ይሄዳሉ። ሰው ማውረጃና መጫኛ ሲጨመር ወደ አርባ ደቂቃ ይጠጋል። ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግህም፣ ድርብ ሐዲድም አያስፈልግህም። የምትፈልገው አንድ መተላለፊያ፣ ሁለት ባቡር፣ አንድ መለዋወጫ ባቡር፣ የማይጠፋ መብራት እና ሰዓቱን የማይጥስ ሰው ነው። የመጨረሻው ነው ከባዱ።

ለቡ_ነኝ
ጋሼ ይህን ለኮርፖሬሽኑ ይላኩላቸው።

ጋሽ_ምድር_ባቡር
ኧረ ተው፣ እነሱ መሐንዲስ አያጡም። ጡረተኛ ሆኜ ደግሞ ስብሰባ ልቀመጥ?

ሐሙሲት_ዳር
ደረስኩ፣ ቢሮ ነኝ አሁን። (አረፈድኩ፣ ተቆጡኝ፣ አለፈ።)

አንድ ነገር ታየኝ። የለቡ_ነኝ ጎረቤት፣ የዘጌ_ሎሚ ጀልባ፣ የኔ ሚኒባስ፣ የሁላችንም ችግር "እስኪሞላ" ነው። ለዚህ ደግሞ ሐዲድ መጠበቅ የለብንም። አንድ ሚኒባስ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሐሙሲት ሞላም አልሞላም ቢነሳስ? አንድ ብቻ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር ቢመለስ። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ይቀጥሉ።

ባጃጅ_ባለ_ሦስት_እግር
ሾፌር ነኝና ልንገርህ። ባዶ ወንበር ይዞ የሚነሳ ሾፌር የለም። ነዳጁን ተሰልፎ ነው ያገኘው፣ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል፣ ተራ አስከባሪው ይጠብቀዋል፣ ረዳቱም ይበላል። ሦስት ወንበር ባዶ ሆኖ ቢነሳ ከኪሱ ነው። ስስታም ስለሆነ አይደለም የሚጠብቅ። የባዶውን ወንበር ሒሳብ ማን ይከፍላል? ይህን ካልመለስክ ጨዋታ ነው።

የዘጌ_ሎሚ
እኛ እንክፈላ! ቋሚ ተመላላሾች በወር እንክፈል፣ አስቀድመን። ወንበሩ የኔ ነው፣ ብመጣም ብቀርም ከፍያለሁ። ያኔ ሾፌሩ ምን ቸገረው? በሰዓቱ ይነሳል። እኔ ይህን ለባለ ጀልባው ልነግረው ነው። ገበያተኛው ሁሉ ይተዋወቃል፣ ዕቁብ እንጥል የለ፣ ይህ አያቅተንም።

ፔዳ_ጓሮ
በነገራችን ላይ ብዙ አገር የባቡር ወርሃዊ ቲኬት የሚሠራው እንዲሁ ነው። መንገደኛው አስቀድሞ ይከፍላል፣ ባቡሩ ባዶም ቢሆን ይነሳል። የቀረውን መንግሥት ይደጉማል። እኛ ድጎማ የለንም፣ ስለዚህ ዋጋው ከታሪፉ ትንሽ ከፍ ማለቱ አይቀርም። የሚከፍል አለ ወይ ነው ጥያቄው።

ባጃጅ_ባለ_ሦስት_እግር
አስቀድሞ ከተከፈለማ ሌላ ነገር ነው። የአጎቴ ልጅ በሐሙሲት መስመር ሚኒባስ ይሠራል፣ ልጠይቀው እችላለሁ። ግን አሥራ አንድ ሰው በወር የከፈለ ካላመጣህ እንዳታስጠይቀኝ፣ ይስቅብኛል። እና መውረጃው ላይ እኔ ነኝ የማነሳችሁ፣ ይህ በውሉ ይግባ።

ሐሙሲት_ዳር
ተስማምቻለሁ። ከሐሙሲት ባሕር ዳር በየቀኑ የምትመላለሱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስንት ሰዓት ሥራ እንደምትገቡም ጨምሩበት። ዝርዝሩን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ሐሙሲት፣ ወረታዎች ቆየት ብላችሁ።

ወረታ_መስቀለኛ
ለምን ቆየት ብለን? ከላይ አላነበባችሁም እንዴ፣ በካርታው መገናኛዋ እኛ ነን! መኪናው ከወረታ ይነሳና ሐሙሲት ላይ ይጫናችሁ።

ሐሙሲት_ዳር
ይኸው ተጀመረ። ከወረታ ሞልቶ መጥቶ እኛን በር ላይ ሊያስቆመን? አይሆንም።

ወረታ_መስቀለኛ
ወንበር በወር ተከፍሎበት የለ? የናንተው ወንበር ባዶውን ይመጣላችኋል። ስንት ሰው እንዳለህ ንገረኝ፣ እኔ እዚህ አራት አግኝቻለሁ።